አራት ሰው የሚያውቀው አድራሻ

ያስናን ያገኘቻት በየጠዋቱ ወተት የምታደርስላት ጎረቤቷ ነበረች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ምድጃው ጠፍቷል፤ ያስና ደግሞ ከደረጃው ሥር ተኮራምታ ወድቃለች። መንጋጋዋ ተሰብሯል፤ ግራ ክንዷም እንዲሁ። ጎረቤቲቱ በኋላ ስትጠየቅ ደጋግማ ያነሳችው ነገር፣ የወደቀችውን ሴት ከማየቷ በፊት ከደጅ ሆና “አሁንም ተኝተሻል እንዴ?” ብላ መሳቋን ነው። በዚህ በጣም አፍራ ነበር።

ማን ደበደባት የሚለው ምርመራ የሚሻ ጉዳይ አልነበረም። ባሏ ሚርቼታ የተያዘው ያበጠ እጁን ኪሱ ከቶ በመንደሩ አውቶቡስ ማቆሚያ እንደቆመ ነው። ጭንቁ ሌላ ነበር። ያስና ከሶምቦር ሸሽታ በዳኑብ ዳር ባለችው በዚያች መንደር የተደበቀችው ከእሱ ነው፤ ማንነቷን ከማያውቁት የመንደሩ ሰዎች በቀር አድራሻዋን የሚያውቁትም አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ጉዳይዋን የያዘችው ጠበቃ ዴሳንካ፣ የዴሳንካ ጸሐፊ ቦርካ፣ ቤቱን ያዋሰቻት ጡረተኛ አዋላጅ፣ አራተኛው ደግሞ በገዛ መኪናው ጭኖ ያደረሳት ኢንስፔክተር ቬሊሚር ራሱ። አዋላጇ ወሩን ሙሉ ሌላ ከተማ እህቷን ስታስታምም ስለከረመች ቶሎ ከጥርጣሬ ወጣች።

ቬሊሚር ከሰው ጋር ቶሎ የሚግባባ ፖሊስ ነው። ገበያ ውስጥ ሲያልፍ ከየሱቁ ይጠሩታል፤ ቀበኛውም ሰካራሙም እሱን ሲያይ ይለሰልሳል። ይህን ያውቃል፤ ትንሽም ይኮራበታል። ሆስፒታል ሲገባ ግን ያ ሁሉ ጨዋታ አዋቂነት ከበሩ ቀረ።

ያስና መንጋጋዋ በሽቦ ስለታሰረ የምትናገረው በጥርሶቿ መሀል ነበር።

“ማንም አያገኝሽም ያልከኝ አንተ ነህ።”

“አዎ፣ እኔ ነኝ።”

“ማን ነገረው?”

“እየተከታተልኩ ነው።”

“እሱን ስንት ዓመት ትፈርዱበታላችሁ ብዬ አልጠይቅህም። ማን እንደነገረው ብቻ ንገረኝ። አለዚያ ከዚህ ስወጣ ማንን ልመን? ስሙን አምጣልኝ።”

“አመጣልሻለሁ” አላት።

ከዚያ ወደ ሚርቼታ ሄደ። ሚርቼታ እንደሚያፍር ሰው አልነበረም፤ ወንበሩ ላይ ተንጋልሎ ነበር።

“አድራሻውን ከየት አመጣኸው?”

“ራሳችሁ ናችሁ የሰጣችሁኝ” አለና ሳቀ።

“ቀልዱን ተወውና መልስልኝ።”

“ቀልድ አይደለም፤ እናንተው ናችሁ። ፖሊስ ደግ ነው።”

ቬሊሚር ይህን እንደ ስድብ ቆጥሮ ወጣ።

*

የዴሳንካ ቢሮ ከቤቷ ሥር ነው፤ ላይ ትኖራለች፣ ታች ትሠራለች። ቬሊሚር ቤቱን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው፤ በየዓመቱም ለቤቷ ስላቫ፣ የቤተሰቡ ጠባቂ ቅዱስ ለሚከበርበት ለቅዱስ ኒቆላዎስ ቀን፣ ሳይቀር ይመጣል። በስላቫ ሰው አይጠራም። በሩ ክፍት ይሆናል፤ የመጣ ሁሉ ከደጃፉ አንድ ማንኪያ የተቀቀለ ስንዴ ቀምሶ ያማትባል፤ ይቀመጣል፤ ይበላል። ማን ነህ ብሎ እንግዳን መጠየቅ ነውር ነው። ያስና ከመደብደቧ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የተከበረው የዘንድሮው ስላቫም እንደዚያው ነበር። ቀኑ ጾም ላይ ስለሚውል ምግቡ ዓሣ ነው። ቬሊሚር ከጎኑ ከተቀመጠ ጨዋታ ከሚያውቅ ሰው ጋር ስለ ዓሣ ማጥመድ ሲያወራ ውሎ፣ ወጡ ሁለቴ ተጨምሮለት፣ ቀበቶውን አላልቶ ነበር የወጣው።

አሁን በቢሮው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው የኦግኜን ላፕቶፕ ነው። ኦግኜን የከተማውን ትናንሽ ቢሮዎች ኢንተርኔት የሚዘረጋና የሚጠግን ጎልማሳ ነው፤ ሥራውን ያውቃል፤ ቀጠሮ ግን አያከብርም።

“ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ሳጥን ማን ወዴት ምን ያህል እንደላከ ይመዘግባል” አለ። “የተጻፈውን ግን አላይም። ፖስተኛ ፖስታውን ሳይከፍት ላኪውንና ክብደቱን ያውቅ የለ? እንደዚያ በለው።”

“እሺ፣ ምን አገኘህ?”

“ጋሽ ቬሊሚር፣ ደስ አይልም።” ማያ ገጹን አዞረለት። “ከቦርካ ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ ምስል ይወጣል። ሥራ ስትገባ ይጀምራል፣ ስትወጣ ይቆማል። የሚሄደው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። ምንድን ነው ካልከኝ አላውቅም። ከዚህ ቢሮ ግን እንደዚያ የሚያወጣ ሌላ የለም።”

ዴሳንካ በሩ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማ ትሰማ ነበር።

“ቦርካ?” አለች። “ይሁን እንግዲህ። ከዛሬ ጀምሮ ታግዳለች።”

“ቆይ እንጂ፤ ገና አልጠየቅኳትም።”

“ጠይቃታ። እኔ ግን አግጃታለሁ።”

ቬሊሚር ቀና ብሎ አያት። ስንት ዘመን አብራት የሠራችውን ሴት እንዲህ በአንድ ቃል መጣሏ ገረመው። ፊቷ ላይ ያየው ደግሞ ቁጣ አልነበረም፤ እፎይታ መሰለው። ለጊዜው በድንጋጤ ነው ብሎ አለፈው።

*

ቦርካ ቀጭን፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ የምታስር፣ በሥራ ቦታ ስትስቅ ታይታ የማትታወቅ ሴት ናት። ፖሊስ ጣቢያ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

“ወይዘሮ ቦርካ፣ ምስሉ የሚሄደው ወደ ማን ነው?”

“የግሌ ጉዳይ ነው።”

“ሴትዮዋ መንጋጋዋ ተሰብሮ ተኝታለች። አሁን የግል ጉዳይ የሚባል የለም።”

“የሱፍ ካልሲ ገዝቼ የላክሁላት እኔ ነኝ። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው ስትሉ ሰምቼ።”

“እንግዲያው ይንገሩኝና እንጨርስ።”

ሰዓቷን አየች። “ለምሳ ቤቴ ልድረስ። ወዲያው እመለሳለሁ። ከፈለጉ ፖሊስ አብሮኝ ይሂድ፤ ግን ከበር ይቁም።”

“ምን ሊደብቁ ነው?”

ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ቬሊሚር ማስረጃ ልታጠፋ ነው ብሎ አሰበ፤ በእሱ ቦታ ያለ ሁሉ እንደዚያ ያስብ ነበር። የአድራሻውን ምስጢር ያወጣ እስር ቤት እንደሚገባ አስረዳት። ቦርካ ግን “የግሌ ጉዳይ ነው” ከማለት አልዘለለችም። የፍርድ ቤት ፈቃድ አስወጥቶ ቁልፏን ተቀበለና ራሱ ወደ ቤቷ ሄደ።

ቤቱ ሙቅና ንጹሕ ነበር። በመስኮቱ በኩል አንዲት አሮጊት ከወንበር እንዳትወድቅ በሰፊ ሻርፕ ወገቧን ታስራ ተቀምጣለች። ከፊቷ ጠረጴዛ ላይ የኮምፒውተር ማያ ገጽ አለ፤ ጠፍቷል። አሮጊቷ በጣቶቿ እየዳበሰችው ነበር።

“ልጄ እዚህ ውስጥ ነበረች” አለችው። “ልትጠግነው የመጣኸው አንተ ነህ?”

“አይደለሁም፣ እማማ።”

“እንግዲያው አብራት። ዛሬ ምን ነካት? ሌላ ቀን እስክትመጣ ታየኛለች፤ እኔም አያታለሁ።”

የተቀመጠችበት ከተረጠበ ቆይቷል። ሽታው ዘግይቶ ነበር የደረሰው። ቬሊሚር ሻርፑን ልፍታ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ አሮጊቷ ጮኸች፤ እጁን ሰበሰበ። ጣቢያ ደውሎ ቦርካን በመኪና አምጡ አላቸው። እስክትመጣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ቦርካ ስትገባ አላየችውም። እናቷን ፈታች፤ ደግፋ ወደ ጓዳ ወሰደች፤ አጠበች፤ ቀየረችላት። ከዚያ ወጥታ በሩን ዘጋች።

“አሁን አወቁ” አለች። “ፊቴን ካየች ትረጋጋለች። ምስሉ እሱ ነው። የእኔ ፊት ነው ቀኑን ሙሉ የሚላከው።”

“ለምን አልነገሩኝም?”

“ምን ብዬ? እናቴን አስሬ ሥራ እሄዳለሁ ልበልዎት? ከተሰማ ሥራዬን አጣለሁ፤ እሷንም ይወስዱብኛል።”

“ማንም አይወስድብዎትም።”

“ለያስናም ማንም አያገኝሽም ብለዋት ነበር” አለችው ቦርካ።

ቬሊሚር ደረጃውን ሲወርድ ጆሮው ግሎ ነበር። መንገድ ላይ ሁለት ሰው በፈገግታ ሰላም አለው፤ ሁለቱንም አላየም።

*

ቬሊሚር ወደ ቢሮው የተመለሰው ኦግኜን ኬብሉን ሲጠቀልል ነበር።

“ቦርካ አይደለችም” አለው።

“ታዲያ ሌላ የወጣ ነገር የለም። ሁለቴ አይቼዋለሁ።”

ቬሊሚር የቦርካን ባዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቢሮው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም። በዚያች ቅጽበት ጥግ ላይ ያለው ማተሚያ ብቻውን ነቃና እያጉረመረመ አንድ ገጽ ተፋ።

“ማነው ያተመው?”

“ዴሳንካ ናት፤ ከላይ፣ ከወጥ ቤት። በስልኳ ነው።”

“ከወጥ ቤት ሆና እዚህ ማተም ትችላለች?”

“ለምን አትችልም? ዋይፋዩ አንድ ነው። የቤቱም የቢሮውም።” ኦግኜን ድምፁን ቀነሰ። “ለየብቻ አድርግልኝ ብላኝ ነበር። ከበዓል በኋላ እያልኩ… ያው ታውቀኛለህ።”

“ማተም ከቻለች የቢሮውንም ፋይል ማንበብ ትችላለች?”

ኦግኜን ኬብሉን አስቀመጠ። “የጋራው ፎልደር የይለፍ ቃል የለውም። ዋይፋዩ ውስጥ የገባ ሁሉ ያየዋል።”

“የያስና አድራሻስ?”

“እዚያው ነው ያለው።”

“ከቤት የወጣውን ብቻ ነው ስትመለከት የነበረው። ሳይወጣ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ የተነበበውንስ?”

“እሱንማ ማን ያየዋል? የውስጥ የቤተሰብ ነው።”

“እየው።”

ኦግኜን ተቀመጠ። ጣቶቹ ሲሠሩ ቆዩና ቆሙ። የኒቆላዎስ ዕለት ፎልደሩ ተከፍቷል። ቢሮው በዓል ስለሆነ ዝግ ነበር። የከፈተው ስልክ ነው። ሰዎች ስልካቸውን በየስማቸው ይሰይማሉ፤ ይህ ግን የተሰየመው በሱቅ ስም ነው፦ “ዢቫን ስልክ ጥገና።”

ቬሊሚር ወደ ላይ ተጣራ። “ዴሳንካ! ዢቫን ማን ነው?”

ዴሳንካ በዝግታ ወረደች። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ እዚያው ተቀመጠች።

“አገኛችሁት” አለች።

“ታውቂው ነበር?”

“ያን ቀን አላወቅኩትም፤ በማርያም እልሃለሁ። ስንዴውን ቀመሰ፣ አማተበ፣ ገባ። እኔም እንኳን ደህና መጣህ አልኩ፣ ምን ልበል? ያስና ከተመታች በኋላ የጉዳይዋን ወረቀት ሳገላብጥ የሠርጓን ፎቶ አየሁ። የሚርቼታ ሚዜ እሱ ነው። ስሙም ከፎቶው ጀርባ ተጽፏል።”

“ከዚያ ቀን ጀምሮ ታውቂያለሽ?”

“አድራሻውን እንዴት እንዳገኘው ግን አላወቅኩም ነበር። ያን ቀን እግሩ ቢሮ አልገባም፤ አንዴም ከወንበሩ አልተነሳም።” እጆቿን ጭኗ ላይ አሻሸች። “ምን ብዬ ልናገር፣ ቬሊሚር? በአባቴ ስላቫ ቤቴ ሌባ አበላሁ ልበል? ሰው ደጄን ይረግጣል? ከዚያ ኦግኜን የቦርካን ነገር ሲያመጣ… እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።”

ዴሳንካ ተነስታ ፎቶውን ከመሳቢያ አምጥታ ሰጠችው።

ቬሊሚር ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዞ ዞረ። ሙሽራው ሚርቼታ ነው። ከጎኑ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ የሚስቀው ሰው ደግሞ ከስላቫው ቀን ዕድሜው ያነሰ ነው እንጂ ፊቱ ያው ነው። ስለ ዓሣ ማጥመድ ሲያጫውተው የዋለው የማዕድ ጎረቤቱ ነበር።

*

ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ። በስላቫው ዕለት ዋይፋዩ ውስጥ የገቡት ስልኮች በገቡበት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። “ዢቫን ስልክ ጥገና” ከሚለው በላይ ያለው ስም “ቬሊሚር” ነው። ኦግኜንም አይቶታል፤ ከተመለከተው ቆይቷል። አሁን ኬብሉን እንደገና ይጠቀልል ጀመር።

“ቬሊሚር የሚባል በከተማው ሞልቷል” አለ፣ ሳያየው።

“የይለፍ ቃሉን እንዴት አገኘው?” አለች ዴሳንካ። “የተለጠፈው ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ወጥ ቤት ደግሞ ከቤት ሰው በቀር እንግዳ አይገባም።”

“እኔ የቤት ሰው ነኝ” አለ ቬሊሚር።

ሁሉም ነገር አሁን ትዝ አለው። ሰውየው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ራቅ አድርጎ ይዞ፣ ዓይኑን ሲያጨናብስ። “መነጽሬን መኪና ውስጥ ረሳሁት። በወንዙ ላይ የያዝኩትን ዓሣ ቪዲዮ ላሳይህ ነበር፤ ኢንተርኔት ግን የለኝም። እኔ ደሞ በስልክ ነገር ሰነፍ ነኝ።” ቬሊሚር በደስታ ነበር የተነሳው። ወጥ ቤት ገብቶ፣ ሴቶቹን አሥቆ፣ ከማቀዝቀዣው ላይ ያለውን አንብቦ መጣ። መጀመሪያ ልክ መሆኑን በራሱ ስልክ ሞከረ። ከዚያ የሰውየውን ስልክ ተቀብሎ በገዛ ጣቱ ጻፈለት። “ጎበዝ ነህ ወንድሜ” አለው ሰውየው። “ምን ትሠራለህ?” “ፖሊስ ነኝ” አለው። ሰውየው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ቬሊሚር ዓሣውን ለማስጨመር ሳህኑን ይዞ ሲነሳ ሰውየው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር።

ሰነፍ ነኝ ያለው ሰው የስልክ ጥገና ሱቅ አለው። ሚርቼታ “ፖሊስ ደግ ነው” ያለውም ቀልድ አልነበረም።

ቬሊሚር ይህን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ሲጨርስ ዴሳንካ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቆማ ነበር።

“ስማኝ” አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። “ዢቫንን ያዘው። ፎልደሩን የከፈተው እሱ ነው፤ ማስረጃው በቂ ነው። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ተለጥፎ አይቶት ይሆናል እንላለን። ለእኔም ለአንተም ይበቃል። ማን ምን ይጠይቃል?”

“አንድ ሰው ጠይቃኛለች” አለ።

*

ዢቫንን ከሱቁ አውጥተው ሲወስዱት መነጽር አላደረገም ነበር። ቬሊሚርን ሲያይ እንደ ድሮ ወዳጅ አንገቱን ነቀነቀለት። ቬሊሚር ለአለቃው በጻፈው ሪፖርት የራሱን ስም ከዢቫን በላይ አስገባ፤ ከምርመራውም ወጣ። ዴሳንካ የዚያኑ ዕለት ቦርካ ቤት ሄዳ ነበር፤ ቦርካ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፍታ፣ የምትለውን ሰምታ፣ መልሳ ዘጋች አሉ። እገዳዋ ተነስቷል፤ ወደዚያ ቢሮ ግን አልተመለሰችም።

ሆስፒታል ሲገባ ያስና ትራስ ተደግፋ በቀጭን ቱቦ ሾርባ ትጠጣ ነበር። ኮፍያውን አወለቀ። ወንበር አልሳበም።

“አገኘኸው?”

“አገኘሁት።”

“ማን ነው?”

ከመኪናው ሲወርድ ያዘጋጀው ነገር ነበር፤ ስለ ዢቫን፣ ስለ ዋይፋዩ፣ ስለ ኦግኜን ቀጠሮ፣ ስለ ስላቫ በር። ከአፉ ግን ያ ሁሉ አልወጣም።

“እኔ ነኝ” አለ። “ሳላውቅ ነው። ግን እኔ ነኝ።”

ከዚያ ነገራት። ስንዴውን፣ መነጽሩን፣ ማቀዝቀዣውን፣ በገዛ ጣቱ መጻፉን። ሾርባው ቀዘቀዘ። ሲጨርስ ብርድ ልብሷን አስተካክላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቬሊሚር ብትሰድበው፣ ብታስወጣው ደስ ባለው። ለዚያ ተዘጋጅቶ ነበር።

“ምሳ ላይ ነበር?” አለችው በጥርሶቿ መሀል።

“አዎ፣ ምሳ ላይ።”

“ዓሣው ይጣፍጥ ነበር?”

ቬሊሚር ኮፍያውን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ። ሊዋሻት አልፈለገም።

“ይጣፍጥ ነበር” አላት።